በጎ ፈቃድ ክረምት ሲያልፍ

በጎ ፈቃድ አገልግሎት አንድ ሰው ሳይገደድና ክፍያ ሳይጠብቅ ከቤተሰቡ ውጪ ላሉ ሰዎች ጊዜውን፣ ጉልበቱን ወይም ዕውቀቱን የሚሰጥበት ሥራ ነው። ለእናቱ ውኃ የሚቀዳ ልጅ ምስጉን ልጅ ነው እንጂ በጎ ፈቃደኛ አይባልም፤ ስሙ ተመዝግቦ፣ እንዳይቀር ተነግሮት አካፋ ይዞ የወጣም አይባልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለውን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ገንዘብ እምብዛም የለውም፤ ጉልበትና ከአባወራው የተሻለ ትርፍ ጊዜ ግን አለው። ስለዚህ ወጣቱን ለአንድ ቀን ማስወጣት ያን ያህል ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ከወጣ በኋላ እንዲቆይ ማድረጉ ነው።

በገጠሩ ኢትዮጵያ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣው ሥራ በደቦ፣ በወንፈል ወይም በጅጊ ሲሠራ ኖሯል። አጨዳው፣ ውቂያው፣ የጎጆው ክዳን በጎረቤት ጉልበት ያልቃል፤ ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን ያሰናዳል፤ ነገ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ለሌላው ይሄዳል። ብድሩ የሚመለስ መረዳዳት ስለሆነ ከዛሬው በጎ ፈቃድ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የሥራው አደረጃጀት ብዙ ያስተምራል። ሥራው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፣ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል፣ ዘፈኑና ፉክክሩ ድካሙን ያስረሳል። ደቦ ላይ የሚሰለች ጎረምሳ እምብዛም አይታይም።

በከተማም ማንም ሳያዛቸው የሚደራጁ ወጣቶች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥምቀት ሲቃረብ የየሰፈሩ ልጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ጎዳናውን ያስጌጣሉ፤ ታቦቱ ሲወጣ ቀዩን ምንጣፍ ከፊቱ ያነጥፋሉ፣ ካለፈበት ላይ ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ፊት ወስደው እንደገና ያነጥፋሉ። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ወጣቶች ለጾመኛው ማፍጠሪያ ያሰናዳሉ፣ ያድላሉ፣ ሲያበቃም ቦታውን ያጸዳሉ። አበል የሚባል ነገር የለም፤ ቲሸርቱን እንኳ ብዙ ጊዜ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው የሚያሳትሙት። የዘመኑ ወጣት ለጋራ ነገር ግድ የለውም የሚል ሰው ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ወደ ጃንሜዳ በሚወስዱት መንገዶች ቢቆም ንግግሩን ሳያስተካክል አይቀርም። እነዚህ ልጆች ሥራውን የጠነሰሱት፣ የተከፋፈሉትና የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። ዓመት ጠብቀው የሚመለሱትም በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

ወጣቱን በመንግሥት ደረጃ ለአገልግሎት የማሰማራት ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተማሪዎች ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው በዚህ መርሐ ግብር ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ከዋና ከተማው ውጪ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። በአፍሪካ ከእንዲህ ዓይነት መርሐ ግብሮች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ግዴታ ስለነበረ በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ተማሪው የሚሄደው አስተማሪ ወደጎደለው ትምህርት ቤት ነበር፤ ክፍሉ ተዘጋጅቶለታል፣ ደብተር የያዙ ልጆች እየጠበቁት ነው፣ አገልግሎቱም በዓመቱ ያበቃል። ብዙ የከተማ ልጆች የገበሬውን ኑሮ በቅርብ ያዩት በዚያ ዓመት ነው፤ ያዩት ነገር በኋላ በተማሪው እንቅስቃሴ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖም ቀላል አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የመጣው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በመጠንም በባሕርይም ከዚያ ይለያል። ደርግ 60,000 የሚያህሉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ዘማቹ ማንበብ ያስተምራል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ የገበሬ ማኅበር ያደራጃል፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ መሬቱን በማከፋፈሉ ሥራ መሐል ገባ። ሥራው የትምህርት ይሁን የአስተዳደር ወይስ የፖለቲካ ሳይለይ ቀረ። ከባለ መሬቶች፣ ከአካባቢ ሹማምንት፣ በኋላም ከመንግሥት ጋር ግጭት መጣ፤ ጣቢያውን ጥሎ የተመለሰው ዘማችም ብዙ ነው። ሕይወቱን ያጣም አለ። ያን ዘመን ያሳለፉ አንዳንድ ወላጆች ዛሬም ልጃቸው ለአገልግሎት ተጠራ ሲባል ፊታቸው የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚያው መንግሥት የተመራ ቢሆንም ውጤቱ የተሻለ ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ በየዙሩ ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ ትምህርቱ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። እዚህም ግፊት ነበረ፣ የተጋነነ ሪፖርትም አይጠፋም። ልዩነቱ የሥራው ግልጽነት ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ፊደል ያላወቁ አዋቂዎችን ይዞ ከ«ሀ» ይጀምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው በአውራ ጣቱ ፈንታ ስሙን ጽፎ ሲፈርም ያያል። ያስተማረው ልጅ የደከመበትን ነገር በዓይኑ አየ ማለት ነው።

የግዴታው ጥያቄ በሌላም አገር ያከራክራል። የኢትዮጵያውያን ልጆች በብዛት በሚማሩበት በአሜሪካው ሜሪላንድ ግዛት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት የአገልግሎት ትምህርት ማጠናቀቅ አለበት፤ በጎረቤቷ ዋሽንግተን ዲሲ 100 ሰዓት ይጠየቃል። አሠራሩን የሚደግፉ ልጁ ቢያንስ አንዴ እንዲቀምሰው ያደርጋል ይላሉ፤ የሚቃወሙት ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ የመጨረስ ልማድ ያስተምራል ባይ ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ምርጫው ለተማሪው ሲተው፣ ማለትም የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ሥራ እንደሚያገለግል ራሱ ሲወስን፣ ግዴታው የሚያስከትለው ጉዳት ይቀንሳል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ወጣቱ በብዛት የሚወጣው በክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ወደ ቤቱ ተመልሷል፣ ወረዳውም የክረምት በጎ ፈቃድ መርሐ ግብሩን በየዓመቱ ያስጀምራል። የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ ችግኝ ተከላ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ደም ልገሳ፣ የትራፊክ ማስተናበር፣ ማዕድ ማጋራት የተለመዱት ሥራዎች ናቸው። ሁሉም የሚያስፈልጉ ሥራዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ጊዜው ግን ለአንዳንዶቹ አይመችም።

የቤት እድሳቱን ለአብነት መመልከት ይቻላል። አብዛኛው የሚታደስ ቤት የጭቃ ነው። ማገሩ ከተመታ በኋላ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ልስን አይሠራበትም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጭቃ አይደርቅም። ነገሩን የሚያውቅ አናጢ ካለ ሥራውን ከጣራ ያስጀምራል፤ የበሰበሰውን ወራጅ ይለውጣል፣ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ያስቆፍራል፣ ግድግዳውን ለጥቅምት ያቆየዋል። አናጢ ከሌለ ግን ወጣቶቹ በመጀመሪያው ቀን፣ ካሜራ ባለበት፣ የቤቱን ጣራ ይገልጣሉ። ማፍረስ ሁልጊዜም ፈጣን ነው። ምስማር ያለቀ ወይም እንጨት የዘገየ እንደሆነ ባለቤቲቱ የነሐሴን ዝናብ ላስቲክ ወጥረው ያሳልፉታል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ የእድሳት ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ይህን ሳያጣሩ የተነሱ ሥራቸው መሐል ላይ ይቆማል። ሃያ ወጣት ከመሰብሰብ በፊት አንድ አናጢ፣ አንድ የዕቃ ዝርዝርና አንድ ፈቃድ ማግኘት ይሻላል።

የችግኙም ነገር ተመሳሳይ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሐምሌ 22 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። መትከሉን ወጣቱ ይወደዋል፤ ቀኑ የበዓል መልክ አለው። ችግኙ የሚሞተው ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ውኃ ያጣል፣ ፍየል ይበላዋል፣ አረም ይውጠዋል። በዚያ ወቅት የተከለው ወጣት ክፍል ውስጥ ነው። በሐምሌ መቶ ችግኝ ተክሎ ከሚለያይ ቡድን ይልቅ ሃያ ተክሎ እስከ ግንቦት የሚያጠጣ ቡድን የበለጠ ዛፍ ያስቀራል። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ግን የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አይደለም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቡድን ሰነፍ መስሎ ይታያል።

ከሁሉም በላይ የወጣት እጅ የሚፈልገው ሥራ ማስጠናት ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀጣዩ ዓመት ውጤትም ከዚህ የተሻለ አልሆነም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለስድስተኛ ወይም ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስጠናት ብዙ ዝግጅት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈት ክፍል፣ ጠመኔና የማይቀር አስጠኚ ነው። እዚህ ላይ መቅረት ከሌላው ሥራ ሁሉ የበለጠ ይጎዳል፤ ሁለት ሳምንት መጥቶ ክፍሉን ባዶ ያገኘ ልጅ በሦስተኛው አይመጣም።

የደም ልገሳ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ይላል። በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ቆይቶ ከዛሬ አሥር ዓመት በላይ በፊት ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። በፊት ደም የሚገኘው በአብዛኛው ከቤተሰብ ነበር፤ ታካሚው የወሰደውን ደም ዘመድ ይተካል። ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ወይም ቤተሰቡ ሁሉ የታመመበት ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በበጎ ፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲመሠረት ተደርጓል። ለመለገስ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነና ጤነኛ ሰው መሆን ይበቃል። መጀመሪያ የደም ግፊቱና የደሙ መጠን ይታያል፤ ደም መስጠቱ ራሱ አሥር ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፤ ከዚያ ብስኩትና ለስላሳ ቀምሶ ጥቂት አርፎ ይሄዳል። በየሦስት ወሩ መመለስ ይችላል። የተሰጠው ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል።

ደም ተከማችቶ አይቆይም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ፕላትሌት ደግሞ አምስት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። በአንድ የዘመቻ ቀን ሺህ ሰው ቢሰለፍ ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ጊዜ ለምትደማ እናት የሚሆን ጠብታ ላይኖር ይችላል። የለጋሹ ዋና ምንጭ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ ክረምቱ ራሱ የእጥረት ወቅት ይሆናል። ስለዚህ ደም ባንክ የሚፈልገው አንድ ቀን የወጣ ብዙ ሰው ሳይሆን በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ የሚመለስ ሰው ነው። ለጋሹ ካርድ ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ቀኑ ይነገረዋል፣ ሲደርስ ይደወልለታል። ሌላውም የበጎ ፈቃድ ሥራ ከዚህ ብዙ ሊወስድ ይችላል።

ወጣቱ ለምን ይመጣል ለምንስ ይቀራል በሚለው ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚያገለግለው የሚያውቀው ሰው ስለጠየቀው ነው፤ ከማያገለግሉትም ብዙዎቹ የጠየቃቸው እንደሌለ ይናገራሉ። በድምፅ ማጉያ የሚነገር ጥሪ ማንንም በስሙ አይጠራም። «ወጣቶች ተሳተፉ» ሲባል እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ያስባል። «አንተ ሒሳብ ጎበዝ ነህ፣ የጋሽ እገሌን ልጆች ቅዳሜ ከአራት እስከ ስድስት ብታስጠናቸው» ሲባል ግን እንቢ ማለት ከባድ ነው።

ሌላው ምክንያት ኪስ ነው። ሥራ ፈላጊ ሆኖ ቤተሰብ ላይ የተቀመጠ ወጣት ለታክሲና ለምሳ ሲጠየቅ ይሸማቀቃል፤ ምክንያቱን ሳይናገር ይቀራል። አገልግሎት ነጻ ነው ማለት አገልጋዩ ወጪ ይሸፍን ማለት አይደለም። ትራንስፖርቱን፣ ውኃውንና ቀለል ያለ ምሳውን መሸፈን የአስተባባሪው ድርሻ ነው። ከዚያ አልፎ ግን ደመወዝ ሊከፈልበት የሚገባን ሥራ በበጎ ፈቃደኛ እያሠሩ ዓመት ማስቆጠር ወጣቱን መበዝበዝ ነው፤ እሱም አይጠፋውም። ወጣቱ ራሱ ልምድ ልሰብስብ ብሎ ቢመጣ ግን አያሳፍርም። አስተባባሪው ወጣቱ የሠራውን ሥራና ያገለገለበትን ሰዓት በእውነት የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጽፍለት ሥራ ሲፈልግ ይጠቅመዋል። ተሰልፎ ለዋለ ሁሉ የሚታደል ሰርተፊኬት ግን ቀጣሪውም አይቶ ያልፈዋል።

ልጃገረዶች የራሳቸው እንቅፋት አለባቸው። ወንድሟ ቅዳሜ ሲወጣ እሷ ልብስ ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ አምሽታ ስትመለስ ደግሞ «የት ነበርሽ» ትባላለች። ሰዓቱ ቀን ላይ ቢሆን፣ ቦታው ለሰፈር ቢቀርብ፣ አስተባባሪዋ ወላጅ የሚያውቃት ሴት ብትሆንና ወላጅም አስቀድሞ ቢነገረው ከእነዚህ አብዛኞቹ ይቃለላሉ። «መጀመሪያ ትምህርትህን» የሚለው የወላጅ ስጋት ደግሞ በክርክር አይፈታም፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑን ሲያይ ራሱ ይረጋጋል።

ወጣቱ የሚሸሽበት አንድ ነገር አለ፤ በአደባባይ ባይናገረውም በሰፈር ጨዋታ ይሰማል። ያፈሰሰው ጉልበት የአንድ ቢሮ ወይም የአንድ ፓርቲ ማስታወቂያ ሲሆን ካየ በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን አያነሳም። ሁለት ሰዓት የፈጀ የማስጀመሪያ ንግግር አዳምጦ አርባ ደቂቃ የሠራ ወጣት ለምን እንደተጠራ ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. የሰየመው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ኅዳር 26 ላይ ይውላል፤ ወቅቱ በጋ፣ ትምህርት ቤት ክፍት፣ ጭቃው የሚደርቅበት ነው። በዚያን ቀን ሪባን ከመቁረጥ ይልቅ በክረምት የተጀመሩት ቤቶች ቢጨረሱ ዕለቱ የተሻለ ይከበራል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተቋቋመ ነው፤ ከቀይ መስቀል ሰባት መርሆዎች አንዱ በጎ ፈቃደኝነት ነው። እዚያ ወጣቱ ከመሰማራቱ በፊት የመጀመሪያ ዕርዳታ ይሠለጥናል። ሌላ ቦታ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዝገት የበላው ቆርቆሮና ምስማር ባዶ እጅ ይዞ የሚነቅል ልጅ ለመንጋጋ ቆልፍ ይጋለጣል፤ ጓንትና ጫማ የግድ ነው። ማስጠናት ላይ ደግሞ አስጠኚና ሕፃን በተዘጋ ክፍል ብቻቸውን እንዳይሆኑ ከመጀመሪያው ደንብ ማውጣት ሕፃኑንም አስጠኚውንም ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ለማስኬድ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ እድር አለ። እድር የትኛው ቤት እንደሚያፈስ፣ የትኛው አዛውንት ብቻውን እንደሚኖር፣ የየትኛው ቤት ልጅ ከትምህርት እንደቀረ ከማንም በላይ ያውቃል። ድንኳንና ወንበር አለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱ አዳራሽ አለው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን የሚተክለውና ወንበሩን የሚያመላልሰው ወጣቱ ነው፤ ስብሰባው ሲጠራ ግን ወጣት አይታይም፤ በአባልነት የተመዘገበው አባቱ ነው። እዚህ ላይ ለውጥ ማምጣት የእድር መሪዎች ፋንታ ነው። በመጪው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ሁለት ወጣቶችን፣ አንዷን ሴት አድርጋችሁ፣ የድምፅ መብት ሰጥታችሁ በኮሚቴው ውስጥ አስገቡ፤ አዳራሹን ቅዳሜ ጠዋት ለማስጠኚያ ክፈቱላቸው፤ ቀሪውን ሥራ ምን እንደሚሆን ራሳቸው ይምረጡ።